ነጩ ማር

አባቴ ንብ ያነብ የነበረው በሰው ዛፍ ላይ ነው። የራሱ መሬት አልነበረውም። ቤታችን ከኤረር በር ትንሽ ወጣ ብሎ ነው፤ ግቢው ከአንድ የሎሚ ዛፍና ከልብስ ማስጫ ገመድ የበለጠ ነገር አይችልም። ስለዚህ ቀፎዎቹን ሐኪም ጋራ ወደሚባለው ተራራ ወስዶ በአንድ ገበሬ ዋንዛ ላይ ይሰቅላቸው ነበር። ለዚህ ውል አልተጻፈም፣ ኪራይም አልተከፈለም። ደንቡ አንድ ብቻ ነበር፤ ማር በተቆረጠ ቁጥር መጀመሪያ የሚወጣው የማር እንጀራ፣ ሰሙ ሳይለይ፣ ቅርጹ ሳይሰበር፣ የባለዛፉ ነው። ከባለዛፉ በፊት ማንም አይቀምስም። አባቴ «የዛፍ ድርሻ» ይለው ነበር።

ልጅ ሆኜ ይህን ድርሻ በጎድጓዳ ሳህን ይዤ ከአባቴ ኋላ እሄድ ነበር። አንድ ቀን ሳህኑ የተሸፈነበትን ቅጠል ገለጥ አድርጌ ጣቴን ነከርኩ። አባቴ ዞር ሲል ጣቴ አፌ ውስጥ ነው። አልተቆጣኝም። ወደ ቀፎው ተመልሶ ሌላ እንጀራ ቆረጠ። የነካሁትን ለእኔ ይተውልኛል ብዬ ስጠብቅ፣ መንገድ ላይ ላገኛት አንዲት እንጨት ሻጭ ሰጣት። «የተነካ የዛፍ ድርሻ አይሆንም፤ የነካውም አይሸለምም» አለኝ። ያኔ በአባቴ ላይ የያዝኩት ቂም ሳምንት አልለቀቀኝም። ቂም መያዝ ከልጅነቴ ጀምሮ ይሆንልኛል።

አባቴ ካረፈ በኋላ ቀፎዎቹ ለብዙ ጊዜ እንደተሰቀሉ ቀሩ። እኔ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ቤት መዋሌ ለማንም እንደማይበጅ እኔም ቤተሰቤም በሳምንቱ ገባን። ለልጆች «ዝም በሉ» ስትል የኖረች ሴት ጡረታ ስትወጣ ዝም የምታሰኘው ሰው ትፈልጋለች። ስለዚህ የንብ ማነብ ሥልጠና ወሰድኩ፤ ዛፍ መውጣት የማይጠይቁ፣ መሬት ላይ በእግራቸው የሚቆሙ የሣጥን ቀፎዎች ገዛሁ፤ ወስጄም ከአባቴ ዋንዛ ሥር ደረደርኳቸው። የአባቴ ዋንዛ እላለሁ እንጂ ዛፉ የገበሬው ነው። እኚያ ገበሬ አሁን ሸምግለዋል። እኔ አባባ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል፤ ሲከፋቸው ደግሞ «አንቺ የከተማ ሴት»።

ቦታው ከጋራው ወገብ ላይ ያለ ደልዳላ መሬት ነው። እዚያ ቆመው ወደ ታች ሲያዩ የጀጎል ግንብና የከተማው ቆርቆሮ ይታያል። ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር በበጋም የማትደርቅ ትንሽ ውሃ ትፈልቃለች። ዙሪያውን ግራር አለ፣ ክረምቱ ሲወጣ ነጭ አበባ የሚያፈነዳ ቁጥቋጦ አለ። ከዚያ የሚቆረጠው ማር ነጭ ነው፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲያድር ይረጋና እንደ ቅቤ በማንኪያ ይቆረሳል። ከደልዳላው ወዲያና ወዲህ ያለው መሬት ሁሉ ግን ጫት ሆኗል። ጫት ላይ የተባይ መድኃኒት ይረጫል፤ መድኃኒት ወደተረጨበት የሄደች ንብ አትመለስም።

ደልዳላው ጫት ሳይሆን የቆየው በአባባ ምክንያት ነበር። ወንዶች ልጆቻቸው ትዳር የያዙ ሰዎች ናቸው፤ ከማር ይልቅ ጫት ቶሎ ገበያ እንደሚያገኝ ያውቃሉ፤ በየዓመቱም «እንትከል» ይሏቸዋል። አባባም በየዓመቱ አንድ መልስ ይሰጧቸዋል። እኔው ፊት የተናገሩበት ጊዜ አለ፤ «ማሩ እስከተሸጠ ድረስ ይህን መሬት አትነኩም። ማሩ ፈላጊ ያጣ ቀን ግን ወላሂ አልከለክላችሁም» አሏቸው። ልጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ቀፎዬን እያጠንኩ ሰማሁ። ኋላ ላደረግሁት ነገር አላውቅም ነበር የምልበት ምክንያት የለኝም።

ጸባችን የጀመረው አባባ ቀፎ ሲያበዙ ነው። ቀድሞ ዛፍ ላይ የሚሰቀሉ ሁለት ሦስት ቀፎዎች ብቻ ነበሯቸው። የእኔን ሣጥን ባዩ ጊዜ ክዳኑን አስከፍተው ውስጡን በደንብ መረመሩና «ሱብሃነላህ፣ ቁም ሣጥን እኮ ነው» አሉ። በዓመቱ አሥር ቁም ሣጥን ይዘው መጡ። ያስቀመጧቸውም ከእኔ ቀፎዎች በላይ፣ በእኔ ንቦችና በውሃዋ መካከል ነው።

«አባባ፣ እዚህ ከመደርደርዎ በፊት አንድ ቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አልኳቸው።

«በመሬቴ ላይ?»

«አባቴ እኮ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እዚህ ነበር።»

«አባትሽ አላህ ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ሰው ነበር። መሬቱ ግን የኔ ነው፣ ዛፉም የኔ ነው። አበባው የአላህ ነው።»

«አበባው የአላህ ከሆነ ለእኔም ይድረሰኛ! የእርስዎ ሠራዊት ጠርጎ ሲጨርሰው የእኔዎቹ ምን ሊቀስሙ ነው?»

«ንብ ወረፋ አትይዝም ልጄ» አሉ አባባ ረጋ ብለው። «የቀደመ ይበላል።»

ትክክል ነበሩ። እኔን ደግሞ ትክክል ከሆነ ሰው በላይ የሚያናድደኝ የለም።

በዚህ ላይ የዋጋው ነገር መጣ። ሁለታችንም ማራችንን የምንሰጠው ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ላለ አንድ ባለሱቅ ነበር። እኔ በጠርሙስ አሽጌ፣ ወረቀት ለጥፌ፣ ክዳኑን በጨርቅ አስሬ አመጣለሁ። አባባ በቢጫ ጀሪካን ይዘው ይመጡና ከእኔ በረከሰ ዋጋ አስረክበው ይሄዳሉ። ገዢ ደግሞ ጨርቅ አይበላም። የእኔ ጠርሙሶች መደርደሪያው ላይ አቧራ ሲለብሱ የእሳቸው ጀሪካን በሳምንት ባዶ ይሆናል። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ተገናኘንና «አባባ፣ ለምን እንዲህ ያረክሱታል? ድካምዎን አያስቡትም?» አልኳቸው።

«ንቦቹ ደሞዝ አልጠየቁኝም» አሉ።

ባለሱቁ ሳቀ። አባባም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይላሉ፤ እኔ ግን በዚያ ሰሞን ከአፌ የሚወጣው ሬት ነበር።

በማግስቱ ማር ቆረጥኩና ቀፎዎቼን ለማንሳት ወሰንኩ። ማለዳ፣ ንቦቹ ሳይወጡ፣ የቀፎዎቹን አፍ በጨርቅ ወትፌ፣ በባጃጅ እያመላለስኩ ወደ ግቢያችን አወረድኳቸው። የባጃጁ ሹፌር በየጉድጓዱ ላይ «እትዬ፣ ደህና ተዘግቷል አይደል?» እያለ ዞር ዞር ይል ነበር። አባባ ከዋንዛው ሥር ቆመው ያዩኛል። አላስቆሙኝም፣ ሂጂም አላሉኝም። የዚያን ዓመት የዛፍ ድርሻ አልሰጠኋቸውም። ዛፉን ትቼ ከሄድኩ ምን የዛፍ ድርሻ አለ ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። ሳህኑ ግን ታጥቦ፣ ቅጠሉ ተቆርጦ ነበር። እንጀራውን ቤት ወስጄ ራሴ በላሁት።

ቀፎዎቹን ከሎሚው ዛፍ ሥር አቆምኳቸው፤ የልብስ ማስጫው ገመድም ቦታ ለቀቀ። «ንቦቹ እዚህ ምን ሊበሉ ነው?» ብለው የሚጠይቁኝ ጎረቤቶች ነበሩ። ለንብ ክንፍ ሐኪም ጋራ ሩቅ አይደለም፤ የለመዱትን አበባ እዚያው ሄደው ቀስመው ይመለሳሉ እላቸዋለሁ። አምኜበትም ነበር።

በጋው ሲጠና ቀፎዎቹን ከፈትኩ። ያ ጊዜ አበባ የሚጠፋበትና ቀፎ የሚቀልበት ጊዜ ነው። የእኔዎቹ ግን ሞልተው ክዳናቸው ተጣብቋል። ማሩ ደግሞ ቀይ ነው፤ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ ለዓይን የሚያምር ቀይ። ጣቴን ነክሬ ስቀምሰው የሄል ጠረን አለው። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እሬት አበባው ቀይ ነው፣ እሬትም በድንጋዩ መሃል ሞልቷል፤ እንግዲህ ይህ የእሬት አበባ ማር ነው አልኩ። ሄሉ ከየት መጣ የሚለውን ዘለልኩት። ሰው ሲደሰት የሚዘለው ነገር ብዙ ነው።

«የሐኪም ጋራ ቀይ ማር» ብዬ ወረቀት ለጠፍኩበት። ባለሱቁ ቀምሶ ዓይኑን ጨፈነ። «ይሄ ሌላ ነገር ነው» አለ፤ ዋጋውንም ራሱ ጨመረ። የቀመሰ ሰው ተመልሶ መጣ፤ የተመለሰው ዘመዱን ይዞ መጣ። ከጀሪካኑ ጎን የእኔ ጠርሙሶች ቀድመው ማለቅ ጀመሩ። አባባን በልጬ ማየቴ አስደስቶኛል፤ አልዋሽም። ከፈረስ መጋላ ወደ ኤረር በር ስወርድ ብቻዬን እየሳቅኩ እሄድ ነበር።

አንድ ጠዋት ጠርሙስ ላስረክብ ሱቁ ስገባ አንዲት ገዢ ቆማ ትሟገታለች። ከአባባ ማር ገዝታ ቤቷ ወስዳ አስቀምጣው ነበር፤ ከሰነበተ በኋላ ስትከፍተው ነጭ ሆኖ ረግቷል። «ስኳር ነው የሸጥክልኝ» ትለዋለች። ባለሱቁ ምን እንደሚላት ጨንቆት እኔን ሲያይ ፊቱ በራ። ማንኪያውን በረጋው ማር ሞልቶ ወደ እኔ ዘረጋው።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ንብም ታውቂያለሽ። እስቲ ንገሪን፣ ይሄ ስኳር አለበት ወይስ የለበትም?»

መቅመስ አላስፈለገኝም። ሽታው ብቻ ይበቃ ነበር። በልጅነቴ እንዲህ ያለውን ማር አባቴ በቢላ እየቆረሰ ያበላን ነበር፤ ሳይረጋ ሲቆይ ነው የሚያሳስበው። ያ ነጭ ማር በከተማው ውስጥ ካለው ማር ሁሉ ንጹሑ ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መናገር እችል ነበር። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት የታዩኝ አሥሩ ቁም ሣጥኖች ነበሩ። «የቀደመ ይበላል» ያሉት ድምፅ በጆሮዬ አለ።

«እኔ እንጃ» አልኩ። ቀጥዬም «የእኔ አይረጋም» አልኩ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። ስኳር ነው ብዬ ቢሆን ኖሮ ባለሱቁ ቅናት ነው ብሎ ይተወው ነበር። «እኔ እንጃ» ግን የጨዋ ሰው መልስ ይመስላል፤ የሰው ስም ላለማጥፋት የምትጠነቀቅ ሴት አስመሰለኝ። ገዢዋ «አየህ!» አለችው። ባለሱቁ ማንኪያውን ቀስ ብሎ ወደ ገዢዋ ዕቃ መለሰ።

ከዚያ ወዲህ ባለሱቁ የአባባን ማር መቀበል አቆመ። ፈረስ መጋላ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል፤ ወደ ሌሎቹ ሱቆች ሲሄዱም ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። አንድ ቀን አደባባዩ ዳር፣ ጀሪካናቸውን እግራቸው መሃል አስቀምጠው አየኋቸው። ጀሪካኑ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ሳያዩኝ ላልፍ ስል አዩኝ።

«ደህና ነሽ ልጄ? ንቦችሽ ለመዱ?»

«ደህና ናቸው አባባ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ከልባቸው።

ቤቴ እስክገባ ድረስ ዋጋ የሰበሩብኝን፣ ውሃዋን የዘጉብኝን እየቆጠርኩ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ። የሠራልኝ ግን እስከ በሩ ድረስ ብቻ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው የግቢያችንን በር አንኳኳ። ከግንቡ ውስጥ፣ ከኤረር በር ገባ ብሎ ሐልዋ የሚሠራ ሰው ነው። መልኩን አውቀዋለሁ፣ ከሐልዋው ግን ገዝቼ አላውቅም።

«እህቴ፣ ንቦችሽን ያዢልኝ። ሥራ ሊያሠሩኝ አልቻሉም» አለኝ።

«የእኔ አይደሉም» አልኩት። «የእኔዎቹ ሐኪም ጋራ ነው የሚውሉት።»

በሌላ ቀን ተመልሶ መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ጎረቤት ተሰበሰበ። እሱ ሳይቆጣ፣ ፈገግ እያለ ነው የሚናገረው፤ ፈገግታው ይበልጥ አበገነኝ። «የጋራ አበባ የለመደች ንብ ያንተን ሐልዋ ምን ታደርገዋለች?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ጠይቂያቸዋ» አለ።

እንግዲያውስ ይጠየቁ አልኩና ቤት ገብቼ የፉርኖ ዱቄት በሳህን ይዤ ወጣሁ። ይህ የአባቴ ዘዴ ነው። ንብ የማን እንደሆነች ሲያጠራጥር በቀፎው አፍ ላይ ዱቄት ይነፋል፤ የምትወጣው ንብ ሁሉ ነጭ ለብሳ ትሄዳለች፣ የደረሰችበት ቦታ ላይም ትታወቃለች። በስንት ጸብ መሃል አባቴ በዚህ ዘዴ ዳኛ ሆኗል። እኔም ሁሉም እያዩኝ በየቀፎው አፍ ዱቄቱን ነፋሁ። ጸጉሬም ነጣ። «ሱቅህ ውስጥ አንዲት ዱቄት የነካት ንብ ካገኘህ ንብ ማነብ ተውኩ!» አልኩት። ከዚያ ሁላችንም፣ እሱ፣ እኔና ከእኛ ጋር የወጣው ጎረቤት፣ በኤረር በር ገብተን ወደ ሐልዋ ቤቱ ሄድን።

ሐልዋው በሰፊ ትሪ ላይ ሊበርድ ተዘርግቷል። ቀይ ነው፤ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ ለዓይን የሚያምር ቀይ። ከጎኑ የስኳር ውሃ የተፈላበት ድስት አለ። ንቦቹ በትሪውም በድስቱም ጠርዝ ላይ ናቸው፤ ግማሾቹ ነጭ ናቸው። ትሪው ራሱ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ነበር።

ሐልዋ ሠሪው «እህቴ፣ ዱቄቱን ቀንሺው፤ ሐልዋዬ ሊወፍርብኝ ነው» አለ። ጎረቤቶቼ ሳቁ። ገጠር ዘመድ ስላለው ደንባችንን ያውቃል መሰለኝ፣ «ለመሆኑ የዛፍ ድርሻዬን መቼ ነው የምታመጪልኝ?» ብሎ ጨመረ። ከዚያ እንዳይከፋኝ ብሎ ነው መሰለኝ ከትሪው ጥግ ትንሽ ቆርሶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ገና ሞቃት ነበር። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የሄል ጠረን አለው። የቀይ ማሬ ጠረን ነው።

ስኳር ስሸጥ የከረምኩት እኔ ነበርኩ። «የእኔ አይረጋም» ብዬ የኮራሁበት ማር ያልረጋው የስኳር ውሃ ስለሆነ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ያሳፈረኝ ደግሞ የጎረቤቶቼ ሳቅ አልነበረም፤ ከአደባባዩ ዳር የተቀመጠው ሙሉ ጀሪካን ነው።

ዱቄቱን ከጸጉሬ ሳላራግፍ በቀጥታ ወደ ፈረስ መጋላ ወጣሁ። ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር፤ ሰው እስኪወጣ ብጠብቅ ሐሳቤን እንደምቀይር ስለማውቅ እዚያው ፊታቸው ተናገርኩ። ቀዩ ማር ሐልዋ ነው አልኩ። የሽማግሌው ማር ግን ምንም የለበትም፣ የረጋው ንጹሕ ስለሆነ ነው አልኩ። ባለሱቁ እስክጨርስ ጠበቀ።

«ያን ቀን ስጠይቅሽ ይህን ታውቂ ነበር?»

«የእኔን አላውቅም ነበር። የእሳቸውን አውቅ ነበር።»

«እኔም እኮ የጠየቅኩሽ ታውቃለች ብዬ ነው» አለ። ጠርሙሶቼን አንድ በአንድ ከመደርደሪያው ያወርድ ጀመር። ሲጨርስ «በይ ሽማግሌውን ጥሪልኝ። ያላቸውን ሁሉ እወስዳለሁ» አለኝ።

ይህን ይዤ በማግስቱ ጠዋት ወደ ሐኪም ጋራ ወጣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። መልካም ወሬ ይዤ የምሄድ ስለመሰለኝ በመንገድ ላይ ይቅርታዬን እንዴት እንደምጀምር እያሳመርኩ ነበር። ወደ ደልዳላው ስቃረብ የዶማ ድምፅ ሰማሁ።

ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ከድንጋዩ ጎን ተከምሯል። የአባባ ልጆች በመስመር ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው፤ የጫት ችግኞች እርጥብ ጆንያ ለብሰው ከውሃዋ አጠገብ ተቀምጠዋል። ግራሩ የለም። ዋንዛው ብቻ ቆሟል፤ አባባም ከሥሩ ተቀምጠዋል። አሥሩ ቀፎዎች ከኋላቸው ተደርድረዋል።

«አባባ፣ ባለሱቁ ይጠራዎታል። ማርዎን በሙሉ እወስዳለሁ ብሏል» አልኳቸው።

ወደ ልጆቻቸው አዩ፣ ወደ እኔ ተመለሱ። «ማሩ ፈላጊ ያጣ ቀን አልከለክላችሁም ብዬ ቃል ሰጥቼ የለ? ቃሌን ጠየቁኝ፣ ሰጠሁ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። ያሳመርኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ማንኪያውን፣ ገዢዋን፣ ያልኩትን ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ባለሱቁ ያኔውኑ ነግሮኛል። ንብ የምታውቀዋን ጠየቅኳት፣ እኔ እንጃ አለችኝ አለኝ።»

«እና አደባባዩ ላይ ሲያገኙኝ ለምን ምንም አላሉኝም?»

«ምን ልበልሽ? አላውቅም ያለን ሰው ምን ይሉታል?» አሉ። ልጆቹ ይቆፍራሉ። «አባትሽ ቢሆን ያውቅ ነበር» አሉ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ። አላባበሉኝም፣ ልጆቻቸው እንዳያዩኝ ግን ተነስተው በእኔና በእነሱ መካከል ቆሙ።

ትንሽ ስረጋጋ «ችግኙ ሲያድግ መርጨታቸው አይቀርም» አሉኝ። «ንቦቹን ውሰጂያቸው።»

«እኔ ልውሰዳቸው?»

«ሌላ ማን አለ? ጋራው ሁሉ ጫት ነው።»

«አባባ፣ እኔ ጋ እኮ ሐልዋ ነው የሚበሉት።»

ያን ቀን የሳቁት ያኔ ብቻ ነው። «ይብሉ» አሉ። «ከመድኃኒት ሐልዋ ይሻላል።»

ቀፎዎቹን በማለዳ አወረድናቸው። ልጆቻቸው ተሸክመው እስከ መንገዱ አደረሱልኝ፤ ባጃጁ ያው የቀድሞው ነበር፣ ሹፌሩም ያው ዞር ዞር ማለቱን አልተወም። አባባ የመጨረሻውን ቀፎ ጉልበታቸው ላይ አቅፈው መጡ። ግቢያችን ገብተው የሎሚውን ዛፍ፣ ግድግዳውን፣ ከግድግዳው በላይ ያለውን ትንሽ ሰማይ አዩ። ቀፎዎቹን የት ላቁማቸው ብዬ ስጠይቃቸው «የቀደሙት አንቺ ጋ ያሉት ናቸው፤ የእኔዎቹን ከኋላ አድርጊያቸው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ማር ስቆርጥ የመጀመሪያው እንጀራ የአባባ ነው፤ በአባቴ ሳህን፣ ቅጠል ለብሶ፣ ሳይነካ ሐኪም ጋራ ይወጣል። ሁለተኛው የሐልዋ ሠሪው ነው፤ እሱም ሲቀበለኝ «የኔው ነገር ዞሮ መጣ» ይላል። አባባ ዋንዛው ሥር ተቀምጠው ይቀምሱታል፣ «ሄል አለው» ይላሉ፣ ይጨርሱታል። ዋንዛውን ልጆቻቸው ሊቆርጡት ፈልገው ነበር፤ እሱን ብቻ እምቢ ብለዋቸዋል። በዙሪያው ያለው ጫት አሁን ወገብ ደርሷል።

ባለሱቁ ማሬን መልሶ ይወስዳል፤ ወረቀቱ ላይ ግን «የከተማ ማር፣ ሐልዋ የቀመሰ» ብዬ እጽፋለሁ፣ ዋጋውም እንደ ስሙ ነው። ሱቁ ውስጥ ቆሜ ማር ሊገዛ የገባ ሰው ካየሁ፣ ሳይጠይቀኝ እጀምራለሁ። የረጋ ማር አትፍሩ፣ የሐኪም ጋራ ነጭ ማር በሁለት ሦስት ሳምንት ይረጋል፣ እንደ ቅቤ ይቆረሳል፣ የሚረጋውም ንጹሕ ስለሆነ ነው እላለሁ። ሰዎቹ በደንብ ያዳምጡኛል። ሳበቃም «እሺ፣ ታዲያ ይሄ ነጭ ማር የት ይገኛል?» ይሉኛል። ባለሱቁ አንገቱን ደፍቶ ሚዛኑን ይወለውላል። እኔ ደግሞ ይህችን ጥያቄ እኔ እንጃ ብዬ ማለፍ አልችልም፤ የት እንደነበረ አውቃለሁ።